ውኃው የሚመጣበት፣ ቆሻሻው የሚሄድበት

ዛሬ የምናነሳው የከተማ ዳር ጉዳይ ነው። ስለ ከተማ ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ስለ መሐሉ ነው፤ ስለ አደባባዩ፣ ስለ ፎቁ፣ ስለ መንገዱ። ከተማ ግን የሚጠጣውን የሚያመጣው ከዳር ነው፤ የሚጥለውንም የሚጥለው ዳር ላይ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ቧንቧ የሚከፍት ሰው፣ ፈረቃው ከደረሰው ማለቴ ነው፣ ውኃው ከለገዳዲ ይሁን ከድሬ፣ ከገፈርሳ ይሁን ከአቃቂ ጉድጓዶች ብዙም አያስጨንቀውም። ለገዳዲና ድሬ ያሉት በምሥራቅ፣ ገፈርሳ ያለው በምዕራብ ነው። ሦስቱም ግድቦች ከከተማ አስተዳደሩ ወሰን ውጭ፣ በኦሮሚያ ክልል ውስጥ ናቸው። ንጹሑ ውኃ በዚህ በኩል ይገባል። በሌላው በኩል ደግሞ ከእንጦጦ ተራሮች የሚነሱት ትልቁና ትንሹ አቃቂ ከተማዋን አቋርጠው፣ የቤቱንም የፋብሪካውንም ፍሳሽ ተሸክመው ወደ ደቡብ፣ ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ። ከዚያ በታች ያለው ገበሬ ከብቱን የሚያጠጣው ከዚሁ ወንዝ ነው። ወንዙ የወሰን ድንጋይ አያውቅም።

ሜትሮፖሊታን አካባቢ የሚባለው እንግዲህ ይህ ነው። የአስተዳደር ወሰን አንድ ቦታ ላይ ያበቃል፤ ኑሮው ግን አልፎት ይሄዳል። ለገጣፎ የሚያድር ሰው መገናኛ ይሠራል። ሱሉልታ ቤት የሠራ ሰው ልጁን አዲስ አበባ ያስተምራል። ጠዋት ቡራዩ ላይ የተሰለፈው ሰው ብዛት፣ ሰዉ በየትኛው ክልል ቢመዘገብ፣ የአንድ ከተማ ሠራተኛ መሆኑን ይናገራል። የታክሲው ስምሪትና ታፔላ ግን ከሁለት የተለያዩ ቢሮዎች ነው የሚወጣው። በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም 34 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ሐዲዱ በሙሉ ከከተማዋ ወሰን አይወጣም። በምሥራቅ አያት ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ መንገደኛው ወርዶ ሌላ ትራንስፖርት ይፈልጋል።

ታዲያ አንድ አገር በከተሞቿ ዙሪያ ያለውን ይህን ሰፊ አካባቢ እንዴት ነው የምታቅደው? ብዙ አገሮች ብዙ መንገድ ሞክረዋል። እኛ ዛሬ የምንወስደው የለንደንን ነው። ለምን ለንደን ያላችሁ እንደሆነ፣ ያንን ዕቅድ የነደፈው ሰው በስተኋላ የእኛንም ከተማ እንዲያቅድ ተጠርቶ ነበርና ነው።

ሰውየው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ ይባላል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የለንደን ሕዝብ 8 ሚሊዮን ተኩል አልፎ ነበር። መሐል ከተማው በፋብሪካ ጭስና በተጣበቡ ቤቶች ታፍኗል፤ ዳሩ ደግሞ በየባቡር መስመሩ ያለ ልክ ይለጠጣል። ቦምቡ ሲጨመርበት መንግሥት ጦርነቱ ገና ሳያልቅ ዕቅድ አዘዘ። አበርክሮምቢ እ.ኤ.አ. በ1944 ያቀረበው የታላቋ ለንደን ዕቅድ ከተማዋንና ዙሪያዋን በአራት ቀለበቶች ከፈለ። ከመሐል ያለው መተንፈስ አለበት አለ፤ ሰውም ሥራም ከዚያ ይነሣ። ቀጥሎ ያለው የመኖሪያ ቀለበት ባለበት ይቁም። ከእሱ ውጭ አረንጓዴ ቀበቶ ይዘርጋ፤ እርሻ፣ ጫካና መናፈሻ ይሁን እንጂ ቤት አይሠራበት። ከቀበቶው ባሻገር ደግሞ አዳዲስ ከተሞች ይቆርቆሩ። ከመሐል እንዲነሣ የታሰበው ሕዝብ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነበር።

ዕቅድ መንደፍ ለባለሙያው ከባድ አይደለም፤ ወረቀት የፈለጉበትን ይሸከማል። ለንደንን ማየት የሚጠቅመው ከወረቀቱ ቀጥሎ በመጣው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 የአዳዲስ ከተሞች ሕግ ወጣ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ የተመረጠችው ከለንደን በስተ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ስቲቭነጅ ናት። ያኔ ጥቂት ሺህ ሰው የሚኖርባት ትንሽ ከተማ ስትሆን፣ ዕቅዱ ወደ 60 ሺህ ሰው ሊያሰፍርባት ፈለገ። ሚኒስትሩ ሉዊስ ሲልኪን ራሳቸው ሄደው ነዋሪውን ሰበሰቡ። ሕዝቡ ጮኸባቸው፣ አላገጠባቸው። ሲወጡ የመኪናቸው ጎማ ተንፍሶ ጠበቃቸው። የባቡር ጣቢያውንም ስም ሰሌዳ ቀይረው «ሲልኪንግራድ» ብለው ጻፉበት፤ ስታሊንግራድ ማለታቸው ነው። ነዋሪዎቹ በዚህ አላበቁም፣ ሚኒስትሩን ፍርድ ቤት አቆሙ። መጀመሪያ ረቱ፤ በይግባኝ ተረቱ። ጉዳዩ እስከ መጨረሻው ችሎት፣ እስከ ጌቶች ምክር ቤት ደርሶ ለመንግሥት ተፈረደ። የከተማ ዳር ሰው ዕቅድ ሲመጣበት የሚቆጣው የእኛ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልግባ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ አዲስ ከተማ አንድ የልማት ኮርፖሬሽን ተቋቋመለት። ኮርፖሬሽኑ ከመንግሥት ግምጃ ቤት በ60 ዓመት የሚከፈል ብድር ይወስዳል። በዚያ ገንዘብ የእርሻ መሬት ይገዛል፤ የሚገዛውም በእርሻ ዋጋ ነው። ነገ ከተማ ይሆናል ተብሎ የሚጠበቀው ዋጋ አይጨመርበትም። ከዚያ መንገድ ያወጣል፣ ውኃና ፍሳሽ ይዘረጋል፣ ቤት ይሠራል፣ ለፋብሪካና ለሱቅ ቦታ ያከራያል። መንገድና ውኃ የገባለት መሬት ዋጋው ሲንር፣ ጭማሪው የሚገባው ኮርፖሬሽኑ ኪስ ነው። በኪራዩ ብድሩን ይመልሳል፤ ትምህርት ቤትና መናፈሻ የሚቀመጥበትን ቦታም ለደላላ ሳይከፍል ያገኛል። ገበሬው በዚህ ቅር መሰኘቱ አልቀረም፤ ዳኝነቱን ለእናንተ እተወዋለሁ። ጭማሪው ግን የት እንደሄደ ይታወቃል፤ በሒሳብ መዝገብ ላይ አለ።

ሁለተኛው ነገር ቤትና ሥራ አብረው መሄዳቸው ነው። ሃርሎ የምትባለውን ከተማ ውሰዱ። ከለንደን ተነሥቶ ሃርሎ ቤት ለማግኘት ዋናው መንገድ እዚያው ሥራ ማግኘት ነበር። ፋብሪካው ሲዛወር ሠራተኛው ቁልፍ ይሰጠዋል። በብስክሌት ሥራ ደርሶ ይመለሳል። የከተማዋ ነዳፊ ፍሬደሪክ ጊበርድም ቤቱን እዚያው ሠርቶ፣ ያቀደውን ከተማ ጎረቤቱ አድርጎ እስኪሞት ኖሮበታል። ዕቅድ ነድፎ በአውሮፕላን የሚመለስ አማካሪ ለለመደ አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ትራንስፖርቱስ? እሱ ቀድሞ ተፈትቶ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1933 ጀምሮ የምድር ባቡሩን፣ አውቶቡሱንና ትራሙን አንድ ቦርድ ያስተዳድረው ነበር፤ የሥራው ክልልም ከለንደን አስተዳደር ወሰን እጅግ ይሰፋ ነበር።

ሁሉ አማረ ማለት ግን አይደለም። አረንጓዴው ቀበቶ ዛሬም አለ፤ ስፋቱ ከራሷ ከለንደን ሦስት እጥፍ ይበልጣል። ከተማዋ እንዳትንሰራፋ አድርጓታል፤ የቤት ዋጋ ግን ሰማይ ከነካባቸው ምክንያቶች አንዱ እሱ ነው ይባላል፤ እኔም እስማማለሁ። ቀበቶው ውስጥ ቤት መሥራት ስለማይቻል ሰዉ ዘሎት ወዲያ ማዶ ይኖራል፤ በየማለዳው በባቡር አቋርጦት ይመጣል። ራሳቸውን ችለው ይኖራሉ የተባሉት አዳዲስ ከተሞችም ቀስ በቀስ የለንደን ሠራተኛ ማደሪያ ሆነዋል። መሐል ለንደን ደግሞ ሰውና ፋብሪካ በብዛት ስለለቀቁት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ተዳክሞ፣ መንግሥት ፊቱን ወደ መሐል ለማዞር ተገደደ። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ሰውን ሲያወጡ ኖረው መልሱ ማለት መጣ።

እንግዲህ ይህ አበርክሮምቢ ነው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ለአዲስ አበባ ማስተር ፕላን የነደፈው። የለንደንን አስተሳሰብ ይዞ ነው የመጣው፤ የቀለበት መንገድ፣ በየራሱ የተሟላ መንደር፣ ከዋናው ከተማ ራቅ ያሉ ሳተላይት ከተሞች። በዓመቱ አረፈ። ዕቅዱም በአብዛኛው ወረቀት ላይ ቀረ። ከእሱ በፊት ጣሊያኖቹ አቅደዋል፤ ከእሱ በኋላ እንግሊዞች፣ ፈረንሳዮች፣ ሃንጋሪዎች፣ እንደገና ጣሊያኖች ከእኛ ባለሙያዎች ጋር አቅደዋል። ይህን ያህል በብዙ ቋንቋ የታቀደች ከተማ አፍሪካ ውስጥ ስንት ትኖር ይሆን?

የአበርክሮምቢ ዕቅድ ለምን እንዳልሠራ አንድ ምክንያት ብቻ ልጥቀስ። ቀለበቱ መጥቷል፤ ኮርፖሬሽኑ፣ ብድሩና የመሬት ሕጉ ግን አልመጡም። ያኔ የአዲስ አበባ መሬት በብዛት በመኳንንቱ፣ በቤተ መንግሥቱና በቤተ ክህነት እጅ ነበር። መንገድ ሲወጣ መሬቱ የሚወደድለት ባለርስቱ ነው፤ ከተማው ከዚያ ምንም አያገኝም።

በ1967 ዓ.ም. ይህ ተለወጠ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው አለ። አስተውሉ፤ እንግሊዞች በብድር ገዝተው ያገኙትን እኛ በአዋጅ አግኝተነዋል። ይህ ለዕቅድ አውጪ ትልቅ ዕድል መሆን ነበረበት። እንዴት እንደተጠቀምንበት ግን ከከተማው ዳር ቆመን እንየው።

የልማት ተነሺ የሆነ ገበሬ ካሳው የሚሰላለት ከመሬቱ በሚያገኘው ምርት ነው። በ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 መሠረት የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በአሥር ይባዛ ነበር። መሬቱ የመንግሥት ስለሆነ ለመሬቱ ዋጋ የለም። እዚህ ድረስ ከስቲቭነጅ ጋር ይመሳሰላል፤ በእርሻ ዋጋ ነው። ከዚያ ያው ማሳ ተሸንሽኖ በሊዝ ጨረታ ይወጣል። ጤፍ ይዘራበት የነበረው መሬት በካሬ ሜትር ተለክቶ የሚጠራለት ዋጋ ገበሬው ለሙሉ ሄክታሩ ከተቀበለው ጋር አይወዳደርም። ልዩነቱ ከፊሉ ወደ ከተማው ካዝና፣ ከፊሉ ወደ ባለሀብቱ፣ ከፊሉም ወደ ደላላው ይሄዳል። ገበሬው በእጁ ያለችውን ብር ይዞ፣ ዘመድ ድሮበት፣ ቤት ጠግኖበት፣ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ትናንት እርሻው በነበረ ግቢ ዘበኛ ሆኖ ይቀጠራል። ይህን በከተማዋ ዙሪያ የሠሩ አጥኚዎች ደጋግመው ጽፈውታል፤ ነዋሪው ደግሞ ሳይጻፍለትም ያውቀዋል።

የመሬቱ ዋጋ እንዲህ ነው። የቆሻሻው ጠረንስ? የሰንዳፋን ነገር ላንሳ። የአዲስ አበባ ደረቅ ቆሻሻ ከሃምሳ ዓመት በላይ የተደፋው ረጲ፣ ቆሼ ላይ ነው። ቆሼ ሲጀመር ከከተማ ውጭ ነበር፤ ከተማው ሄዶ ከበበውና መሐል ሰፈር ሆነ። ሞልቶ ሲፈስ በፈረንሳይ የልማት ድርጅት ገንዘብ ሰንዳፋ ላይ ዘመናዊ ማስወገጃ ተሠራ። ቦታው የኦሮሚያ ነው፣ ቆሻሻው የአዲስ አበባ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ጥቂት ወራት እንኳ በወጉ ሳይሠራ የአካባቢው ገበሬዎች ተነሡ፤ ሽታው አላስኖር አለን፣ ውኃችን ተበከለ፣ የተነገረንም ሌላ ነበር አሉ። ክረምቱ ሳይወጣ መኪኖቹ መግባት አቆሙ። ቆሻሻው ወዴት ይሂድ? ተመልሶ ወደ ቆሼ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ያ ክምር ተናደ። ሥሩ ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ ከ110 በላይ ሰዎች አለቁ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። የሦስት ቀን ብሔራዊ ኀዘን ታወጀ።

ክምሩን የናደው አንድ ምክንያት ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ሁለት አስተዳደሮች በአንድ ጉድጓድ ላይ ሳይስማሙ መቅረታቸው ግን የቆሻሻ መኪናውን ወደ ቆሼ መልሶታል። ምህንድስናው ተሠርቷል፣ ገንዘቡም ተገኝቷል። የጎደለው ከገበሬው ጋር የሚደረገው ውል ነው፤ ጠረኑን ለሚችል ሰው ምን ይሰጠዋል? መንገድ? ክሊኒክ? ከከተማዋ የቆሻሻ ክፍያ ድርሻ? ሰንዳፋ ላይ ይህ አስቀድሞ ነዋሪውን በሚያሳምን መንገድ አላለቀም።

በእነዚሁ ዓመታት የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በ2006 ዓ.ም. አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ልዩ ዞን ከተሞች፣ ቡራዩን፣ ሰበታን፣ ሱሉልታን፣ ሰንዳፋን፣ ለገጣፎን፣ ገላንን፣ ዱከምንና ሆለታን፣ በአንድ የሚያይ የተቀናጀ ማስተር ፕላን ይፋ ሲሆን፣ ዩኒቨርሲቲዎችና እንደ አምቦ ያሉ ከተሞች በተቃውሞ ተናወጡ። በኅዳር 2008 ተቃውሞው ከጊንጪ እንደገና ተነሥቶ ክልሉን አዳረሰ። የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ። በጥር 2008 ዕቅዱ ተሰረዘ።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። ባለሙያዎቹ የተነሡበት ነጥብ ስሕተት አልነበረም። አንድ ተፋሰስ ለሁለት ተቆርጦ አይታቀድም፤ የለገዳዲን ግድብ ከደለል የሚጠብቅ፣ አቃቂን የሚያጸዳ፣ አውቶቡሱን ከአያት ወደ ለገጣፎ የሚያሻግር አንድ ጠረጴዛ ያስፈልጋል። ነገር ግን በጠረጴዛው ዙሪያ ማን እንደተቀመጠ ሳይታወቅ ካርታው ቀድሞ ወጣ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 ንዑስ አንቀጽ 5 ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ላይ ስላላት ልዩ ጥቅም ይናገራል፤ የአገልግሎት አቅርቦት፣ የተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀምና የጋራ አስተዳደር ጉዳዮችን ያነሣል፤ ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል ይላል። ዕቅዱ ሲወጣ ያ ሕግ አልወጣም ነበር። ገበሬው በበኩሉ ከከተማ መስፋፋት ያተረፈውን ያውቃል። ጥያቄው የማንነትና የሥልጣን መሆኑ እውነት ነው፤ የካሳውን ቀመር ከውስጡ አውጥቶ ማየት ግን አይቻልም።

ኮንዶሚኒየሙንም በዚህ ዓይን ተመልከቱት። ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው የሚይዙ ሰፈሮች ዳር ላይ ተተከሉ። ከመሐል አንስቶ ዳር ማስፈሩ የአበርክሮምቢ ሐሳብ ነው። ቁልፉ ግን በዕጣ ነው የሚደርሰው፤ ከሥራ ጋር አልተያያዘም። ዕጣ የወጣለት ሰው ፒያሳ ሥራውን ይዞ ኮዬ ይገባል፤ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ይነሣል። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የኮዬ ፈጬ ዕጣ ሲወጣ፣ ቤቱ ያረፈበት መሬት የየትኛው አስተዳደር ነው የሚለው ጥያቄ ሰልፍ አስወጣ። ሕንፃው አልቆ ወሰኑ ገና ያከራክር ነበር። ሁለቱ አስተዳደሮች በወሰን ጉዳይ ተስማማን ያሉት በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ነው።

ቀጥሎ በ2015 ዓ.ም. ኦሮሚያ ቡራዩን፣ ሰበታን፣ ሱሉልታን፣ ለገጣፎ ለገዳዲንና ገላንን የመሳሰሉትን አዋህዳ ሸገር ከተማን መሠረተች። አሁን አዲስ አበባን ዙሪያዋን የከበበ አንድ ትልቅ ከተማ አለ። ይህ በአንድ በኩል ጥሩ ነው፤ ለድርድር የሚቀመጠው ስድስትና ሰባት ማዘጋጃ ቤት ቀርቶ አንድ ከንቲባ ሆኗል። በሌላ በኩል ሁለት ትልልቅ ከተሞች ጀርባ ለጀርባ ሆነው የየራሳቸውን ፕላን ቢነድፉ፣ የአንዱ ዋና መንገድ የሌላው ጓሮ ላይ ሊደፈን ይችላል። ለንደንም ብትሆን ይህን አላመለጠችም፤ መላዋን ለንደን የሚያይ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1965 ተቋቁሞ፣ በ1986 በፖለቲካ ጠብ ፈርሶ፣ በ2000 በሌላ ስም ተመልሷል። በመካከሉ ባሉት 14 ዓመታት አውቶቡሱና ምድር ባቡሩ ሥራቸውን ያላቋረጡት ለትራንስፖርቱ ለብቻው ተቋም ስለነበረው ነው። አዲስ አበባና ሸገርም በሁሉም ነገር እስኪስማሙ መጠበቅ የለባቸውም። በውኃው ተፋሰስ ላይ ብቻ አንድ ቦርድ፣ በታክሲና በአውቶቡስ ስምሪት ላይ ብቻ አንድ ቢሮ ቢኖራቸው፣ የቀረውን ፖለቲካው በራሱ ጊዜ ይድረስበት።

የካሳውም ሕግ ተሻሽሏል። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ ተወስዶ በአሥራ አምስት እንዲባዛ አዘዘ። ከዚህም ሌላ፣ በብዛት የማይነገርለት አንድ ድንጋጌ አለው፤ ባለይዞታው በፕላኑ መሠረት መሬቱን ራሱ ለማልማት ቅድሚያ መብት አለው፤ ለብቻውም ከጎረቤቶቹ ጋር ተደራጅቶም። ይህ ከእንግሊዞቹም ሕግ ይሻላል ብል አላጋነንኩም፤ የስቲቭነጅ ገበሬ እንዲህ ያለ መብት አልነበረውም። ችግሩ ማልማት ገንዘብ ይጠይቃል። ፕላኑ ባለ አራት ፎቅ ካለ፣ አንድ ጥማድ በሬና የተወሰነ ጥማድ መሬት ያለው ሰው ባለ አራት ፎቅ የሚሠራበትን ከየት ያመጣል? የሃርሎ ኮርፖሬሽን የ60 ዓመት ብድር ነበረው። የሰንዳፋና የሰበታ ገበሬዎች ማኅበር ባንክ ሲሄድ የሚጠየቀው ማስያዣ ነው፤ ማስያዣ ሊሆንለት የሚችለውም ያው ሊነሣበት ነው የተባለው መሬት ነው።